ትርፏ ብልቃጥ

ላፋኤሌ፣ መጣህ? ግባ። ወንበርህን ማንም አልያዘብህም። ሹፌራችን ሴፎ ሊቀመጥበት ብሎ ነበር፤ እማማ ፉአቲኖ በዓይናቸው ብቻ አስነሱት። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ "ከክፍል ቀርተህ ነው" ብለህም አትቆጣኝም።

ይህን ንግግር ማድረግ የነበረብህ አንተ ነህ። እማማ ፉአቲኖ በግንቦት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ ተብሎ ሲወራ፣ "የምናገረው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ" ብለህ ሁሉንም አስምለህ ነበር። የጻፍክባትን ወረቀት ከጋውንህ ኪስ አግኝቻታለሁ። አምስት መስመር ስለ እማማ የመጀመሪያ ቀን ጽፈሃል። ስድስተኛው መስመር "የቀረውን ቆሜ አስበዋለሁ" ይላል። እንግዲህ እኔ ቆሜልሃለሁ። ከተሳሳትኩ እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ጥረግ።

ለማታውቁኝ፣ ሚካ እባላለሁ። የላፋኤሌ ታናሽ ወንድም ነኝ። ላፋኤሌ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ የኖኑን ፍሬ ዘር ያጠና ነበር። በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዓሣ ሊወጋ ከባሕሩ የኮራል አለት ማዶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ባሕሩም አስከሬኑን አልሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣሁ የጀመረውን ሥራ ከእማማ ፉአቲኖ ጋር ስጨርስ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። እዩዋቸው፣ "ባልደረባ" ስል ሳቁ።

ከወረቀቱ ልጀምር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እማማ ፉአቲኖ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ጆሯቸው ላይ አበባ ሰክተው እዚህ በር ላይ ቆሙ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ቸኩለው ስለነበር "ቤቱን እያጸዳሽ ጠብቂኝ" ብለዋቸው ወጡ። አራት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ትልቁ ማሰሮ ታጥቦ፣ እያብለጨለጨ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል።

"ውስጡ የነበረው የት ሄደ?"

"ሞቶ ነበር ጌታዬ።"

"ምኑ ነው የሞተው?"

"እንጃ፣ ስም አልተጻፈበትም። ሸትቶ ነበር። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቀበርኩት።"

"ሴትዮ፣ የቀበርሽው የስድስት ወር ሥራ ነው። ኖኑ እንዲያ ነው የሚሸተው።"

"እንዲያ ከሆነ አይዘኑ፣ ጸሎት አድርጌለታለሁ።"

ወረቀቱ እዚህ ጋ "ሰው ስቆ እስኪጨርስ ጠብቅ" ይላል። ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት ስም የማይጻፍበት ነገር የለም። መቀሱ ላይ "መቀስ" ይላል፣ በሩ ላይ "በር" ይላል። የአሁኑ ኃላፊያችን የዶክተር ኢያኮፖ የምሳ ዕቃ ላይ "የታሮ ቅቅል፣ የትናንት፣ ባለቤቱ ኃላፊው" ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። አንድ ቀን ሴፎ ከዛፉ ሥር ሲያንኮራፋ ግንባሩ ላይ "ሴፎ፣ የተለቀመበት ቀን ያልታወቀ፣ ገና ያልደረቀ" የሚል ለጥፈውበት ከተማ ደርሶ ተመልሷል። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ስም የሌለው ነገር ወይ ይጣላል፣ ወይ ወደ ማድረቂያው ምድጃ ይገባል። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ሁላችሁም የምታውቁት ልማዳቸው የጠዋቱ ነው። በተቀመጠ ሰው ፊት ጎንበስ ብለው፣ "ቱሎው" ብለው ይቅርታ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር መሆኑን እኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። ባዶ ክፍል ውስጥ ጎንበስ የሚል ሰው ግን ከእሳቸው በቀር አላየሁም። በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋሉ፣ "ቱሎው፣ ቱሎው" እያሉ በአራቱ ባዶ ወንበሮች ፊት ያልፋሉ፤ ከዚያ መስኮቱን ይከፍታሉ። ሴፎ አንድ ጊዜ አላስችል ብሎት ነበር።

"እማማ፣ የተቀመጠው ማነው?"

"ቀድሞ የገባ።"

"ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው እኮ።"

"ቁልፍ የሚያስፈልገው ላንተ ነው።"

ሴፎ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሳቸው ቀድሞ ገብቶ አያውቅም። ውሸት ከሆነ ይናገር።

አሁን ስለ ዘሩ ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም። እኛ ኖኑን ጨምቀን እንጠጣለን፤ ልጅን መንፈስ ነክቶት ሲያቃዠው ቅጠሉን ግንባሩ ላይ እናስራለን። ዘሩን ግን እንደፋዋለን። ላፋኤሌን የገረመው ያ የሚደፋው ዘር ነው። በሰማንያ ሦስት ዛፎች ሥር ዞሮ ለቀመ። ዘሩን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ዘይቱን ሲያወጡ ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ የሚባል አሲድ እንደሆነ፣ የቀረው ኦሌይክና ፓልሚቲክ፣ ከዚያም ትንሽ ቫይታሚን ኢ እንዳለበት እራት ላይ ሲነግረኝ አንቀላፋሁ። እሱም ቀሰቀሰኝና ቀደም ብሎ የቆረጠውን ሙዝ አሳየኝ።

"ይሄ ለምን ጠቆረ?"

"ስለቆረጥከው ነዋ።"

"አየር ስለበላው ነው። ዘሩ ውስጥ ያለው ነገር ግን ቀድሞ ይወጣና አየሩን 'እሱን ተወው፣ እኔን ብላኝ' ይለዋል። አንቲኦክሲደንት ማለት ይኸው ነው።"

"ሞኝ ነው በለኛ።"

"አይ፣ ታላቅ ወንድም ነው።"

የዘሩ ኃይል የሚለካው በአንድ ሐምራዊ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በየብልቃጡ ይቀዳል፤ ከዘሩ የወጣው ውሕድ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ መጋረጃ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ይጠበቃል። ዘሩ ኃይል ካለው ሐምራዊው እየደበዘዘ ቢጫ ይሆናል። ለማነጻጸሪያ ምንም ያልተጨመረባት አንዲት ባዶ ብልቃጥ ትኖራለች። እሷን የነካት ነገር ስለሌለ ሐምራዊ ሆና መቅረት አለባት።

እማማ ፉአቲኖ ግን ባዶ ብልቃጥ የሚያዘጋጁት ሁለት ነው። ላፋኤሌ ሥራ በጀመረ ሰሞን ጠይቋቸው ነበር።

"አንዷ ለማነጻጸሪያ ናት። ሁለተኛዋ ለምን?"

"እናትህ ስትቀቅል ለቤተሰቡ ልክ ነው የምትቀቅለው?"

"አይ፣ አንድ ሳህን ታተርፋለች።"

"ለማን?"

"ለሚመጣ።"

"እንግዲህ ምን ትጠይቀኛለህ?"

ስሟ ትርፏ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትርፏ ከእህቷ ጎን ተቀምጣ፣ ሐምራዊ ሆና፣ ሐምራዊ እንደሆነች ትደፋ ነበር። ላፋኤሌ ያልተመለሰ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እኛ ባሕር ዳር ሳለን እማማ ብቻቸውን ላቦራቶሪውን ከፈቱ። ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ሲያዩት ስላላስቻላቸው ትርፏን ወስደው ወንበሩ ፊት አስቀመጧት። መብራት አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ሲያበሩት ማነጻጸሪያዋ ሐምራዊ ናት። ትርፏ ቢጫ ሆናለች።

ብልቃጧን ቀየሩ፤ ማክሰኞም ቢጫ ሆነች። ውኃውን ቀየሩ፣ ጠርሙሱን ቀየሩ፣ ጠረጴዛውን በአልኮል ወለወሉ። ሌላ ቦታ ሲያስቀምጧት ሐምራዊ ትሆናለች፤ ከላፋኤሌ ወንበር ፊት ሲያስቀምጧት ቢጫ። እሳቸው ደግሞ ያዩትን ከመጻፍ ወደ ኋላ አይሉም። መዝገቡ ላይ በየቀኑ "ትርፏ፦ ቢጫ" ይላል። ዶክተር ኢያኮፖ መዝገቡን አይተው "እማማ፣ የሆነ ነገር ነክቷት ይሆናል፤ ይህ አይጻፍም" አሏቸው።

"እርስዎ ይሥሩት" አሉ እማማ።

ዶክተር ራሳቸው አዲስ ጓንት አድርገው ሠሩት። ግማሽ ሰዓት በጨለማ ተቀመጡ። መብራቱን አበሩ፣ አዩ፣ መዝገቡን ለእማማ መልሰው ቢሯቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትርፏ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ግን በአራቱ ወንበሮች ፊት ሲያልፉ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይላሉ። ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሰምቼዎታለሁ።

እኛ ደግሞ ባሕር ዳር ነበርን። የድሮ ሰዎች ባሕር የበላውን ሰው የሚጠብቁበት መንገድ አለ። እናታችን ፓስተሩን ሳታስፈቅድ ያንን አደረገች፤ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ አለፉ። ከዛፍ ልጥ የተቀጠቀጠውን የሰርጓን ጨርቅ ውኃው ዳር አነጠፈች። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ነፍስ ያለው ነገር፣ ጉንዳንም ይሁን ሸርጣን፣ የጠፋው ሰው ነፍስ ነው። አራግፈው ሲመልሱት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ከመጣ ይጠቀለላል፣ ይቀበራል፤ የሞተውም ያርፋል። ካልተቀበረ ሲንከራተት ይኖራል።

ሦስት ቀን ጠበቅን። ያ ባሕር ዳር ሸርጣን በሸርጣን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በጨርቁ ዙሪያ እየዞሩ ያልፋሉ፤ አንዱም ጫፉን አልረገጠም። ዝንብ እንኳ አላረፈበትም። በሦስተኛው ቀን ማዕበሉ አንድ ነገር ገፍቶ ጨርቁ ላይ ጣለ። የኖኑ ዘር ነበር፤ ቡናማ፣ ከጥፍሬ ያነሰ። እናታችን አራገፈችው። ውኃው መለሰው። ደግማ አራገፈችው፣ መለሰው። ሦስተኛውን አጎታችን ወስዶ ራቅ አድርጎ ወረወረው። ዞሮ መጣ።

"ዘር ነፍስ የለውም" አለ አጎታችን። "እግርም የለው፣ እንዴት ይመጣል? የኖኑ ዘር ይንሳፈፋል፣ ማንም ያውቀዋል።"

እማማ ፉአቲኖ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ከኋላችን ቆመው ኖሯል። "ስለ ዘር ነፍስ እኔ ልናገር" አሉ። "ዘር ይተነፍሳል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይተነፍሳል። እግሩ ባሕሩ ነው። ግን ባሕር ውስጥ ሞቶም ሊሆን ይችላል። የሞተ ዘር ቀብረን ላፋኤሌን ቀበርን አንልም። ስጡኝ፤ ከበቀለ እሱ ነው፣ ትቀብሩታላችሁ። ካልበቀለ ጨርቁን እንደገና እናነጥፋለን።"

"በስንት ቀን ይበቅላል?" አለች እናታችን።

"እሱ ያውቃል።"

ወሰዱት። ትንሽ የመስታወት ሳህን ላይ እርጥብ ወረቀት አንጥፈው መስኮቱ ሥር አኖሩት። ከክፍል ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምነው ስም አልጻፉበትም?"

"ስም የሚጻፈው ናሙና ላይ ነው። ወንድምህ ናሙና ነው?"

አሁን እማማ ብቻ የሚያውቁትን ልናገር ነው። ለእናቴ ትናንት ነግሬያታለሁ። ዶክተር ኢያኮፖ ግን የሚሰሙት ዛሬ ነው።

በሰኔ አጋማሽ አንድ ቀን ከክፍል ስመጣ ሳህኑ ፊት ቆሜ ንዴት ያዘኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እናቴ "ዛሬስ?" ትለኛለች፣ እኔ "ገና" እላታለሁ። ላፋኤሌ በር ሲገባ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ረጅም ሰው ነበር። ይሄ ደግሞ ከጥፍሬ ያነሰ ዘር ነው። ይህን ከቀበርን ነገሩ አለቀ፣ አይመለስም ብዬ አሰብኩ። ጠረጴዛው ላይ ላፋኤሌ በመጨረሻ የለቀመው የሰማንያ ሦስተኛው ዛፍ ዘር በትሪ ተዘርግቶ ነበር። ጠዋት ደርቆ ሊፈጭ አራት መቶ ፍሬ ተቆጥሮ ተዘጋጅቷል። ሳህኑን አነሳሁ፣ ትሪው ላይ ደፋሁት፣ በጣቴ አማሰልኩት። ሳህኑን አጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የእማማ ሕግ አይደለም? ስም የሌለው ወደ ምድጃው ይገባል።

በማግሥቱ ስመጣ ምድጃው ጠፍቷል። እማማ ትሪው ፊት ተቀምጠዋል።

"ሚካ፣ ትናንት አራት መቶ ነበር። ዛሬ አራት መቶ አንድ ሆነ።"

"ተሳስተው ይሆናል።"

"እኔ?"

እዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ "እኔ?" ሲሉ ድምፃቸው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ነበር የፈለግኩት። ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "የትኛው ነው?" አሉ። አብረን ፈለግን፤ አንድ በአንድ እያነሳን ብርሃን ላይ አየን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

"እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ስም የሌለው ነገር ደፍቻለሁ" አሉ መጨረሻ ላይ። "አላባረሩኝም። ስም ሳልጽፍ የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥፋቱን እንካፈለዋለን። አሁን አፈር አምጣ።"

አራት መቶ አንዱንም ከቤቱ ጀርባ ተከልናቸው። ዶክተር ሲያዩ ደነገጡ።

"እማማ፣ ይህ የመጨረሻው ናሙና ነው። ያ ዛፍ የት እንዳለ የሚያውቀው ላፋኤሌ ብቻ ነበር፣ ሌላ ዘር አይገኝም። ጥናቱ ጎደሎ ይሆናል።"

"ጎደሎ ይሁን።"

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ ሳይሞላ አልተዉም፤ ያንን ግን ባዶውን ተዉት። ምክንያቱን ሲጠየቁ "አርጅቻለሁ፣ ተሳሳትኩ" አሉ። እኔን ለመሸፈን በሠላሳ አንድ ዓመት ያተረፉትን ስም ሰጡ። ዶክተር፣ እማማ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን በሁሉም ሰው ፊት ለመናገር ነው ዛሬ የቆምኩት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት አንዲት ቡቃያ አፈሩን ገፍታ ወጣች። አንዲት ብቻ። አራት መቶዎቹ ዝም አሉ። ዶክተር ጎንበስ ብለው አይተው "ይህችኛዋ ጨው የነካት ትመስላለች፤ የባሕር ውኃ ቅርፊቷን አልስልሶት ይሆናል፣ ለዚህ ነው የቀደመችው" አሉ።

"አዎ፣ ባሕሩ ነው" አሉ እማማ። "እሱም ነው።"

አራት መቶዎቹ እስከ ዛሬ አልወጡም።

እማማ ፉአቲኖ፣ በግንቦት መውጣት ሲገባዎት እስከ ነሐሴ የቆዩት ሥራውን ስለወደዱት ነው ይባላል። ሴፎ "ሁለት ጊዜ ኬክ ለመብላት ነው" ብሏል። እኔ ጠይቄዎት ያሉኝን አልረሳም። ትርፏ ያን ቀንም ቢጫ ነበረች። "እኔ ከሄድኩ ማን ቱሎው ይለዋል?" አሉኝ። "ሰው ተቀምጦ ሳለ ሳይሰናበቱት ተነስተው አይሄዱም።" ማዶው ደሴት፣ ሳቫይ ላይ ያለችው ልጅዎ ቤቱን ጠርጋ ትጠብቃለች፣ ጀልባው ሁለት ጊዜ ያለ እርስዎ ሄዷል። እርስዎ ግን ለአንድ ወንበር ሲሉ ሦስት ወር ተቀመጡ።

ቡቃያዋ እስክትጠና ጠብቀን፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ በእናታችን ጨርቅ ጠቅልለን በቤታችን ደጅ ከአባታችን መቃብር ጎን ተከልናት። እናቴ በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ እራቷን ጨረሰች። እርስዎ ደግሞ እጅዎን ከአፈሩ አራግፈው የላቦራቶሪውን ቁልፍ ሰጡኝ። "ነገ ጠዋት አንተ ክፈት፤ እኔ አልችልም" አሉኝ። ምን እንደፈሩ ገብቶኛል። ትርፏ ዛሬም ቢጫ ከሆነች ሰኞ ጀልባው ላይ አይሳፈሩም። ከገቡ ጀምሮ አልጠየቁኝም፤ ዓይንዎ ግን ሲጠይቀኝ ነው የቆየው።

አመሰግናለሁ እማማ። ስላልተቆጡኝ። ወንድሜን እንደ ናሙና ስላላዩት። ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይፈሩ መቀመጥን ስላስተማሩኝ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። አዎ፣ ኖኑ ነው፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ነገር አይቀዳም። አፍንጫችሁን ያዙ። ሳቫይ ላይ ዶሮዎችዎ ይርቡ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ ልጅዎ ጓዳ ውስጥ ጨው ላይ "ጨው" ብለው ሲለጥፉ ትታገስዎ። ትርፍ ሳህንዎ ሁልጊዜ የሚበላ እንግዳ አያጣ። ለጤናዎ ማኑያ እንላለን፣ ግን ገና አትጠጡ። መጀመሪያ ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ልንገራቸው፤ ከዚያ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

ላፋኤሌ፣ ንግግሬን ስጀምር "መጣህ?" ያልኩህ ከልማድ ነው። እንዳልመጣህ አውቃለሁ። ሴፎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ "ቱሎው፣ ቱሎው" እያልኩ በአራቱ ወንበሮች ፊት አለፍኩ። ሐምራዊውን ከፍሪጅ አውጥቼ በሁለት ብልቃጥ ቀዳሁ። አንዷን መደርደሪያው ላይ፣ ትርፏን ወንበርህ ፊት አኖርኩ። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ተቀመጥኩ። ከእማማ ጋር ስንቀመጥ ጨለማው ውስጥ የወንበርህ እንጨት ሲጥ ይል ነበር፤ ሁለታችንም እንሰማ ነበር፣ አናወራውም ነበር። ዛሬ የፍሪጁን ድምፅና ውጭ የሚጮኸውን አውራ ዶሮ ብቻ ሰማሁ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አበራሁ።

ሁለቱም ሐምራዊ ነበሩ።

አላመንኩም። መብራቱን አጥፍቼ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ስምህን ዝግ ባለ ድምፅ ጠራሁ። አበራሁ። ሐምራዊ። ትርፏን አንስቼ ከማነጻጸሪያዋ ጎን ያዝኳት፤ ልዩነት የላቸውም። መዝገቡን ከፍቼ ከዚያ ሁሉ ቢጫ ሥር "ትርፏ፦ ሐምራዊ" ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑንም ስሜንም አኖርኩበት። ሁለቱን ብልቃጦች ደፍቼ አጠብኩ፣ በአፋቸው ደፋኋቸው፣ መስኮቱን ከፈትኩ። እዚህ ቤት ውስጥ በእውነት ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ያ ነበር። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወለሉን ጠረግኩ።

ስጨርስ ልወጣ በወንበርህ ፊት አለፍኩ። ወገቤ ከልማዱ ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር። አቃናሁት፤ ቀጥ ብዬ አለፍኩ።